ጎጆ የሌለው እንግዳ

ለልጄ ለትንሣኤ፣

ሰላምታዬ ጎንደር፣ ከጤና ትምህርትሽ ድረስ ይድረስሽ። እኔም ከብቱም ደኅና ነን፤ የጋፋቱ ማሳችን ገብስም ታጭዷል። ስልክ እያለ መጻፌ አይግረምሽ፤ ቤታችን ጠባብ ናት፣ ሁሉ ይሰማባታል።

ልጄ፣ በሰንበቴው ረታሁ! ጎረቤታችን እሸቴ ልጁን ጉንፋን ያዘብኝ ብሎ፣ ለቁስል ከታዘዘለት የተረፈ ካፕሱል ሊያስውጠው ሲል ብድግ አልሁ። «ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ ካፕሱሉ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው!»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለኝ።

አንቺ እንዳስተማርሽኝ አወረድሁለት። «ባክቴሪያ ጎጆ የወጣ አባወራ ነው፤ ራሱ ይበላል፣ ራሱ ይራባል። የእኛም የበሬውም ሴል ቀጭን ሽፋን አለው፤ የገብሱ ደግሞ በላዩ ካብ ተክቦለታል፤ የባክቴሪያውም ጎጆ እንዲሁ ካብ አለው። ቫይረስ ግን ጎጆም ድስትም የሌለው እንግዳ ነው፤ የሰው ሴል ውስጥ ገብቶ በባለቤቱ ድስት ዘሩን ያበዛል። መድኃኒቱ የባክቴሪያን ጎጆ ያፈርሳል፤ ጎጆ የሌለውን ምኑን ያፍርሰው?»

ቄሱ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እሸቴ ካፕሱሉን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ታዲያ እንግዳው መቼ ይሄዳል?» ሲለኝም «ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት!» አልሁት። ልጁም በሳምንቱ ዳነ። እናትሽ ድሌን ስትሰማ ሳቀች፤ ያ የማይለቃት ሳል ግን ሳቋን አላስጨረሳትም።

ለክርክር እንዲሆነኝ አንዲት ጥያቄ መልሽልኝ፦ በፍልሰታ የገባ እንግዳ ለኅዳር ሚካኤልም ካልሄደ፣ ያም ቫይረስ ነው? መልሱን መጥተሽ ብትነግሪኝ ይሻለኛል፤ ከጎንደር መኪና በየቀኑ አለ።

ድንግል በሄድሽበት ትከተልሽ።

አባትሽ መዝገቡ