ከኋላ በኩል፣ ላይኛው ረድፍ

ውድ ኤልሳዕ፣

«እንዴት ሰነበትክ» ብዬ እንዳልጀምር፣ የሰነበትክበትን ቦታ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ ያለኸው እኔ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከክረምት ካፖርቴ ጀርባ ነው፤ የጫማ ካርቶን በምታህል ጥቁር ሳጥን። ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ማድረጉ ደግሞ የባሰ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ልጄ ማያ የተመረቀች ቀን፣ ሱዳን ገዳሪፍ መጠለያ ጣቢያ ጫማዬ ተሰርቆ እንዴት እንዳለቀስኩ በሰው ሁሉ ፊት አወራህ። ሰው ሳቀ፣ ልጄም ሳቀች። እኔ አኮረፍኩ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ስናቆም የኖርን ሰዎች በአንድ ጥንድ ጫማ ተለያየን። አንተ ወደ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ቤት ቀየርክ፣ ቤተ ክርስቲያን መምጣትም ተውክ። እኔ ደግሞ «ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው» ብዬ ሁለት ዓመት ቁጭ አልኩ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። «ሽማግሌ ልኮብኛል» አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ግን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ካልተመላለሰ እርቁ ምን እርቅ ነው ብዬ አላነሳሁም። በማግስቱ ደወለ፣ አላነሳሁም። ከአራት ቀን በኋላ ሦስተኛው መጣ። ስልኩን በእጄ ይዤ እስኪያቆም ጠበቅኩና «በሚቀጥለው አነሳለሁ» አልኩ። አራተኛ አልመጣም።

የተቀመጠልኝን መልእክት የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ የዕድራችን ጸሐፊ ስጦታ መሞትህን ከሰው ሰምታ «እውነት ነው እንዴ?» ስትለኝ። መጀመሪያ አንዲት ነርስ «ኤልሳዕ የሚባል ታካሚ እንዲመጡለት ይፈልጋል» ትላለች። ሁለተኛው «ቶሎ ቢመጡ ጥሩ ነው» ይላል። ሦስተኛው ማረፍህን የሚናገር ነው፤ እሱን አንተ አልሰማኸውም። ለሆስፒታሉ የሞላኸው ወረቀት ላይ የሰጠኸው ስልክ የእኔን ብቻ ነበር፤ ከጎኑ «ወንድም» ብለህ ጽፈሃል።

ስሮጥ ብሄድ፣ ፈላጊ ያልመጣለት ተብለህ የካውንቲው አስተዳደር አቃጥሎሃል። ቻይናታውን ሾርባ ስንበላ «መልኬ፣ እዚህ አገር ብሞት እሳት እንዳታስነካኝ፣ አደራ!» ያልከኝን ሰው፣ አመድህን ፈርሜ ተቀበልኩ።

ለስጦታ ምን አልኳት መሰለህ? «እህቱ ከሲያትል መጥታ፣ ወስዳ ቀበረችው።» አመነችኝ። ተዝካርህን በላን። እኔ ከፊት ተቀምጬ «እግዜር ያጥናህ» ተባልኩ፣ «አሜን» አልኩ። እናቴ «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ አልወጣ» ትል ነበር። ያንተ ሐዘን በእውነትም ከቤቴ አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት ማያ ሻንጣ ስትፈልግ አገኘችህ። በላዩ የተለጠፈውን ስም አነበበች።

«ዳዲ፣ ይሄ አንክል ኤልሳዕ ነው?»

«ነው።»

«ክሎዜት ውስጥ? ኖ ዳዲ፣ ኖ። እሱ ሰው ነው።»

በማግስቱ ከሥራ ቀርታ መቃብር ቦታው ወሰደችኝ። ሠራተኛዋ እያዞረች አሳየችን፦ ትንሽ የመሬት ጉድጓድ ከነድንጋዩ፣ አመድ ከጽጌረዳ ሥር የሚበተንበት ስም የሌለው አትክልት ቦታ፣ ሳጥኖች የሚገቡበት የእብነ በረድ ግድግዳ።

«ሰው የማያልፍበት የቱ ነው?» አልኩ።

«ግድግዳው፣ ከኋላ በኩል፣ ላይኛው ረድፍ።»

«እሱን እፈልጋለሁ።»

«ለምን ከኋላ?» አለች ማያ። «ማን ያየዋል?»

ማንም እንዳያይህ ነበር የፈለግኩት። ከቁም ሳጥን አውጥቼ ሌላ ሳጥን ውስጥ ልደብቅህ ነበር።

ሴትዮዋ ስሜን ኮምፒውተሯ ላይ ቼክ አድርጋ ቀና አለች። «እርስዎ እኮ እዚህ ቦታ ገዝተዋል» አለችኝ። ከዓመታት በፊት ከዕድሩ ሰዎች ጋር የገዛነው ነው። «አመዱ አሁን እዚያው ሊቀበር ይችላል። ጊዜዎ ሲደርስ እርስዎም እዚያው ይገባሉ፤ ድንጋዩ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል።»

አስበው። የኛ ሰዎች በተኙበት መሃል። ለቀብር የመጣ ሁሉ ያነብሃል፤ ሲያትል ተቀበረ የተባልከውን። ማያ እጄን ያዘችኝ። «ይሁን» አልኩ።

ከመኪና ሳልወርድ ለንስሐ አባቴ ለአባ ሐዲስ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት። ሦስቱን ጥሪ፣ ሲያትልን፣ ካፖርቱን ሁሉንም ነገርኳቸው።

«የፍትሐቱን ነገር ለብፁዕ አባታችን አቀርባለሁ» አሉ። «ውሸቱን ግን ልጄ፣ በዋሸህበት ሕዝብ ፊት አንተው ታነሣዋለህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እቆማለሁ። ፈርቻለሁ፣ ኤልሳዕ። ስጦታ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። የጫማውንም ነገር ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ይሳቁ። በሳምንቱ ቅዳሜ አፈር ትገባለህ። ማንም ባይመጣ እኔና ማያ አለን። አደራህን በልቻለሁ፤ የቀረኝ ስምህን አለመደበቅ ብቻ ነው።

መቃብር ቦታው የሰጡኝ ቅጽ ላይ «ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚል መስመር አለ። ብዙ ቆየሁበት። ልጽፈው የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ግን አንተ አስቀድመህ ጽፈኸው ነበርና፣ ያንኑ ጻፍኩ።

ስትጠራኝ ያልመጣሁት
ወንድምህ
መልከጼዴቅ