የኢንጂነር ገብረኣብ ማኅተም

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

አባ ዛሬም ቢሮ አልመጣም። ጉልበቴ ነው አለ። ከገርጂ ቤቱ ሃያ ሁለት ቢሯችን ድረስ ታክሲ መውጣት መውረዱ ከብዶታል። የሕንፃ ስትራክቸር፣ ምሰሶውንና ብረቱን፣ እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ያያል፣ ያትማል... እንዲህ ነው የኖርነው። የእኔ ፈቃድ ገና ለፎቅ አይበቃም።

"ማኅተሙን በኮምፒውተር ማድረግ ይቻላል አሉ" አለኝ በስልክ።

ማን አለ? አዶኒያስ ነዋ፣ ኮንትራክተሩ። ሌሎቹ ቢሮዎች ወረቀት ማመላለስ ትተዋል ብሎታል። ይቻላል አልኩት። ክቡን ማኅተም ከመሳቢያ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አባ ቤት ዋልኩ። ነጭ ወረቀት ላይ ደጋግመን አተምን። ጠርዙ ያልተቆረጠውን መርጬ ስካን አደረግሁ። ነጩን መደብ አጠፋሁት፤ አለዚያ ሥሩ ያለውን መስመር ይሸፍናል። ከታች ስሙና የፈቃድ ቁጥሩ ገባ። ቀኑ በታተመ ቁጥር ራሱ ይሞላል።

ቀላል መስሎኝ ነበር። አባ ግን...

"ሰማያዊው ይሄ አይደለም። የእኛ ወደ ሐምራዊ ያደላል።"

ቀየርኩት።

"ትንሽ አዘንብዪው። እጅ ቀጥ አድርጎ አትሞ አያውቅም።"

አዘነበልኩት። ደስ አለው። ፓስወርዱን የእናቴን ስም አደረገ፣ ነፍሷን ይማረውና።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ለመደው። ጠዋት የላክሁለት ከምሳ በፊት ታትሞ ይመለሳል። ድሮ አንድ ፕላን ሳምንት ይዞ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነበር የሚመጣው። አሁን ቀይ የለም። ጎብዤ ይሆን?

አዶኒያስ ቢሮ ብቅ ብሎ፣ "ጋሽ ገብረኣብ እኮ ከወጣት በለጡ" አለኝ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

የአዶኒያስ ሥራ፣ የሰሚቱ ባለ አራት ፎቅ። አባ አትሞ የመለሰውን ፕሪንት ላደርግ ስከፍተው...

አርክቴክቱ ለመኪና መግቢያ ብሎ ከምድር ወለል አንድ ምሰሶ አንስቷል። አንደኛ ፎቅ ላይ ግን ምሰሶው እንዳለ ነው። ከሥሩ ምንም የለም። አየር ላይ ቆሟል። ምን እናድርግ ብዬ አባ እንዲያየው ነበር የላክሁት። ጽፌለትም ነበር። እሱ አትሞ በቀጥታ ለአዶኒያስ ልኮታል።

ማኅተሙ ከምሰሶው ጎን አለ። ዘንበል ብሎ። ቀኑ ትክክል።

ድሮ ይሄን ከበር ላይ ሆኖ ያየው ነበር። ደወልኩ።

"አባ፣ የሰሚቱን አየኸው?"

"አየሁት።"

"ሁሉንም ገጽ?"

"አየሁት አልኩሽ እኮ።" ቀጥሎም፣ "የማን ነበር የሰሚቱ?"

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሰሚት ሄድኩ። መሠረት እየተቆፈረ ነው። ገና ነው፣ ተመስገን።

"በዚህ ፕላን አትሥሩ" አልኩት አዶኒያስን።

"ማኅተም አለው እኮ።"

"ማኅተሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ካላቆምክ ክፍለ ከተማ እሄዳለሁ ስለው ሥራውን አስቆመ። ታክሲ ጋ እስክደርስ ሲነጫነጭ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ገርጂ። አባ ከኋላው መቆሜን አላወቀም። ፋይል ከፈተ። ገጾቹን ወደ ታች ነዳቸው፣ የትም አልቆመም። መጨረሻ ላይ ማኅተሙን መረጠና ቀኝ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ሥራውን የጨረሰ ሰው እፎይታ ነበር።

በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ፈርቼ ነው?

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አባ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ፓስወርዱን ቀየርኩ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

"ማኅተሙ እምቢ አለኝ" አለ።

"ሲስተም ይሆናል" አልኩት። በዚህ ከተማ ሲስተም ነው የተባለ ሰው ሌላ አይጠይቅም። አባም አልጠየቀም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ፓስወርዱን የቀየርኩት እኔ መሆኔን አውቋል። ቁጭ በይ አለኝ።

"ምኑን ነው ያለፍኩት?"

የሰሚቱን ፕላን በትልቅ ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አደረገ። ብዙ ቆየ። መስመሮቹን በጣቱ ተከተለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተከተለ። ሊያየው ነው ብዬ ጠበቅሁ...

"የት ጋ ነው?" አለ።

ጣቴን አስቀመጥኩ። የራሱንም ከጣቴ ጎን አስቀመጠ።

"ሥር የለውም።"

"የለውም።"

"ሰው ገብቶበታል?"

"ገና መሠረት ላይ ነው፣ አባ።"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ቢሮ መምጣት የተውኩት በጉልበቴ አይደለም" አለ። "አንድ ቀን ሃያ ሁለት ወርጄ ቢሮው በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ጫማ የሚጠርግ ሰው ጠይቄ ነው የደረስኩት። ላንቺ ምን ብዬ ልንገርሽ?"

እጁን ያዝኩት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የአባ ጓደኛ ኢንጂነር ወልደጊዮርጊስ መጥተው፣ አባ በዚህ ዓመት ያተማቸውን ሁሉ እንደገና እያየን ነው። የሲኤምሲው ቤት ደረጃ ላይ ብረቱ ቀጥኖ ተገኘ። እስካሁን ሌላ የለም።

ለባለቤቶቹ አባ ራሱ ደወለ። እኔ ስማቸውን እያነበብኩለት። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጄ አይደለም" አለ ለአንዱም ለሌላውም። አዶኒያስ የታተመውን ፕላን መልሶልን፣ ሥራውን ይዞ ሌላ ቢሮ ሄዷል። ይሂድ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ፈቃዱን የሚመልስበትን ደብዳቤ አባ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። አጭር ነው። ዕድሜና ጤና ብቻ አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ራሴ ላትመው ብሎ ወንበሬን ወሰደ፤ ፓስወርዱን አስገባሁለት። ማኅተሙን ከስሙ ሥር አምጥቶ አስቀመጠ፣ ወደ ግራ ገፋው፣ መለሰው።

"አሁን አጥፊው" አለኝ።

"አንተ አጥፋው።"

አሳየሁት። ኮምፒውተሩ በእርግጥ ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቀ። አባ ጮክ ብሎ አነበበውና ተጫነ። የላስቲኩን ማኅተም ነገ አብረን ወስደን እንመልሳለን። ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አለን።

ልወጣ ስል ከወንበሩ ሳይነሳ ጠራኝ።

"አስመረት፣ አሁን ሥራሽን ማን ያይልሻል?"

"ኢንጂነር ወልደጊዮርጊስ።"

"እሱ ይዘገያል።"

"አዎ። አንዱን ፕላን ሳምንት ይዘውታል።"

"ጥሩ" አለ አባ።