ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ሥር

እህት ዓለም፣

ለመምህራን ሥልጠና እዚህ ከመጣን ወዲህ ሐይቁን እኔም ያየሁት እዚሁ ካርድ ላይ ነው። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትስ ርዕሰ መምህራችን ጠረጴዛ ሥር ሲገቡ ነው!

አሠልጣኛችን፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ክፍላችን እንዴት እንደሚሰማው ላሳያችሁ ብላ፣ የሚኮሰኩስ ሹራብ አልብሳቸው፣ ሬዲዮ ለቅቃ፣ ጆሯቸው ሥር ደወል እያቃጨለች "የምልዎትን ይጻፉ" አለቻቸው። ደወሉ ከትምህርት ቤታችን ደወል ጋር ሲተያይ የጫጩት ድምፅ ነው፤ እሳቸው ግን እስክሪብቶውን ጥለው እልም! "ይውጡ እንጂ!" ስንላቸው "ደወሉ ካልቆመ ንቅንቅ አልልም!" አሉ። ደወል ሲመታ ዴስክ ሥር የምትገባውን ተማሪያችንን "ጥጋበኛ!" የሚሏት እሳቸው ናቸው እኮ!

በኋላ ብቅ አሉና "ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ችላ ነው በየቀኑ የምትመጣው?" አሉኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ። ርዕሰ መምህሩ "ደወሉ ይቅር" ብለዋልና፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ትምህርት ቤታችን ሄደሽ የደወሉን መምቻ ደብቂልኝ።