አንዱ ይበቃዎታል ጋሼ

ጥር 8፣ 2001
ጋሽ ገብረጻድቃን ዛሬም ለሥዕሉ ተቀመጡልኝ። ሦስተኛ ቀን። እሳቸው ንቅንቅ የለ፣ እኔ ነኝ እንደ ቁንጫ የምዘለው። ወንበር እገፋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ...
መጀመሪያ ቀን ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ነበር የተገተሩት። "ጋሼ፣ ቀበሌ አይደለም እኮ! ዞር ይበሉ" አልኳቸው። ቀኝ ጉንጫቸውን ሰጡኝ። እንዴት ቶሎ እሺ አሉ? ደስም ያላቸው መሰለኝ።
አላወቁም እንጂ ፉገራ ነው። የቤተክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ዓይን። ሰይጣንና ይሁዳ በጎን፣ አንድ ዓይን። ሥዕል ትምህርት ቤቱን አቋርጬ ስወጣ ይዣት የወጣሁት ዕውቀት ይህችው ናት። በየቀኑ በግቢው ሰው ፊት "ኪዱ፣ ይህን ጎፈሬ መቼ ነው የምትላጨው?" ይሉኝ የለ? በቃ፣ ብድሬን መለስኩ። ማንም አይነቃም።

ጥር 11
የዘይት ቀለም መድረቅ አያውቅም። ባምቢስ ሱፐርማርኬት ድረስ ወርጄ ተመለስኩ፣ አሁንም እርጥብ። ነካሁት። አፍንጫቸው ላይ አሻራዬ ቀረ። ማርያም የሳመቻቸው አስመስዬ እተወዋለሁ።

ጥር 15
ዓመታዊው ቂርቆስ። ከንግሥ መልስ እንግዶቻቸውን አስከትለው መጡ፣ ሥዕላቸውን ሊያሳዩ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ኮራ ብለው። ጨርቁን ገለጥኩት።
ጎረቤታችን እትዬ ለተገብርኤል አማተቡ። "በስመ አብ! ምነው፣ እንደ ይሁዳ?"
ሰው ሳቀ። ጋሼ ጠጋ ብለው፣ "ሌላው ዓይኔስ?" አሉ።
"አንዱ ይበቃዎታል ጋሼ!"
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ምነው? ትናንት አብረን ስንቀልድ አልነበር?

ጥር 16
ሰላም አልኳቸው። አለፉኝ። ጎፈሬዬን እንኳ አልሰደቡም።

ጥር 20
የጋሼ ልጅ ትርሓስ በሩን በርግዳ ገባች።
"ከማን ሰማህ?"
"ምኑን?"
"የግራ ዓይኑን! ካላየበት ሁለት ዓመቱ ነው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።"
ልማዴ ነው፣ ልስቅ ስል... አልመጣም።
"ከንግሡ ወዲህ ቂርቆስ አልሄደም። ጠዋት ሳይሳለም ውሎ የማያውቅ ሰው! ሁሉም ዓይኑን ዓይኑን የሚያየው ይመስለዋል።"
አላወቅኩም አልኳት። የባሰው እኮ እሱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አፍጥጬባቸው አላየሁም። ሠዓሊ ተብዬ! ስትወጣ ቢላ አንስቼ ፊቱን ከሸራው ፋቅኩት። ጨርሶ ስላልደረቀ እሺ አለኝ።

ጥር 21
በራቸውን አንኳኳሁ። "ጋሼ፣ እንደገና ይቀመጡልኝ።"
"ለየትኛው ዓይን?" ብለው ዘጉት።

ጥር 23
ደጃቸው ላይ ቁጭ አልኩ። ከጠዋት እስከ ምሳ። እኔ! ቁጭ! የግቢው ሰው "አሞት ነው?" እየተባባለ ያልፋል። በመጨረሻ ወጡ።
"እቀመጣለሁ። ግን ትንፍሽ ብትል ተነሥቼ እሄዳለሁ።"

ጥር 24
ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ወሬ። ልሞት ነበር። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ግራው ዓይን ላይ ስስ ደመና አለ... ነጭ ብቻ አይደለም፣ ትንሽ ግራጫ፣ ትንሽ ሰማያዊ። ይህን ሁሉ እንዴት ሳላይ? አሁንስ? ልሣለው ወይስ ቀኙን ላስመስለው? መጠየቅ አልችል፣ አፌ ታሽጓል። በብሩሹ ጭራ የራሴን ግራ ዓይን ጠቆምኩ።
ግራ ዓይናቸውን በጣታቸው ነኩ።
"እንዳለ" አሉ።

የካቲት 2
ጠዋት ብቻቸውን መጡ። ነጠላ ለብሰዋል። ሥዕሉ ፊት ቆሙ። እኔ ወዲያ ወዲህ...
"ለተገብርኤልን ጠርተህ አሳያት" አሉ። ከዚያ ዞር ብለው፣ "ይህን ጎፈሬ መቼ ነው የምትላጨው?"
መልስ ነበረኝ። የሚገድል መልስ! ዋጥኩት።
"ወዴት ነዎት ጋሼ?"
"ቂርቆስ ነዋ።"
አስፋልቱ ጋ መኪናው በግራ በኩል ይመጣል። ሳይጠይቁኝ በግራቸው ሆኜ፣ ክንዳቸውን ይዤ አሻገርኳቸው። እስከ ቅጥሩ በር ድረስ አንድም አልቀለድኩም።
ስመለስ እጄን አየሁት፣ ቀለም በቀለም። ለካ ነጠላቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ትቼባቸዋለሁ... ይሄኛውስ ፉገራ አልነበረም።