ከቃል በፊት ዜማ፦ የመምህርት ባይነሽ ብሩ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ባይነሽ ብሩ ከአባታቸው ከአቶ ብሩ ካሳዬ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልታየች መኩሪያ በ1940 ዓ.ም. በደሴ ከተማ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። በቤቱ ከስፌት መኪናው ድምፅ በቀር ሙዚቃ አልነበረም፤ መምህርት ባይነሽ ግን ምት መጠበቅን የተማሩት ከዚያ መኪና መርገጫ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደሴ አጠናቀው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1962 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በወንጌላውያን ጸሎት ቤት ከመዘምራኑ ጋር ያገለግሉ ስለነበር፣ አኮርዲዮን ይጫወቱ ከነበሩት ከአቶ ፀጋዬ ማረው ጋር የተዋወቁት በዚያው ነው። በ1964 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ አቶ ፀጋዬ በመካኒክነት ወደሚሠሩበት ወደ ኮምቦልቻ ተዛወሩ። አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆችም አፈሩ።

በኮምቦልቻ የተሰጣቸው አንደኛ ክፍል ነበር። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ እንደ ዕረፍት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን እሳቸው የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ገጥመው ዜማውን ብቻ ያንጎራጉራሉ። ቃል የሚሰጣቸው በመጨረሻ ነው። ከየቤቱ የመጣ፣ ገና እርስ በርሱ የሚፈራራ ልጅ፣ አፉን ሳይከፍት ከሌላው ጋር አንድ መሆን ይችላል ይሉ ነበር።

በኮምቦልቻም ያገለግሉበት የነበረው ጸሎት ቤት በ1970 ዓ.ም. በመንግሥት ታሸገ፤ የአቶ ፀጋዬ አኮርዲዮንም ከውስጥ ቀረ። ባልና ሚስቱ ስለዚህ ጉዳይ በቤታቸውም ብዙ አያወሩም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ከተማሪዎቻቸው መካከል ሐዋ ጀላል ነበረች። ቤተሰቧ ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ የመጣ ነው። ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የማትል ልጅ ነበረች። ከሌሎቹ ጋር ስታንጎራጉርም ድምጿ አይለይም ነበር።

በዚያው ዓመት ልጆቹ በሚያዝያ 23 የላብ አደሮች በዓል ላይ እንዲዘምሩ ከቀበሌ ግጥም ተላከ፤ ዜማው ለመምህርቷ ተተወ። መምህርት ባይነሽ ክፍሉ ከመስከረም ጀምሮ ሲያንጎራጉረው የቆየውን፣ የባቲ ቅኝት ያለውን፣ የራሳቸው ፈጠራ የመሰላቸውን ዜማ ሰጡት። በበዓሉ ዋዜማ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ አቶ ፀጋዬ ሰሙ።

«ባይነሽ፣ ይሄ እኮ የእኛ ነው» አሏቸው። «ስንቴ ተጫወትኩልሽ።»

የጸሎት ቤቱ መዝሙር ነበር። በዚያን ጊዜ የተዘጋ ጸሎት ቤት መዝሙርን በአደባባይ ማሰማት ከሥራ የሚያስወጣ ብቻ አልነበረም፤ ያሳስርም ነበር። ትንሿ ልጃቸው ደግሞ ገና ጡት አልጣለችም።

አዲስ ዜማ ለማስተማር ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ በማለዳ ልጆቹን ሰብስበው ግጥሙን ያለ ዜማ፣ በጭብጨባ ብቻ እንዲሉት ነገሯቸው። ልጆቹም በመድረኩ ላይ እንደታዘዙት አሉት። ሲጨርሱ ግን፣ ገና ሳይወርዱ፣ ሐዋ ከንፈሯን ገጥማ ዜማውን ጀመረች። አጠገቧ ያለው ተከተላት፤ ከዚያም ክፍሉ በሙሉ። መምህርት ባይነሽ እጃቸውን አንስተው ማስቆም ይችሉ ነበር። አላነሱም። ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለችን ልጅ ስትጀምር ማስቆም አልሆነልኝም ሲሉ ኋላ ለልጆቻቸው ነግረዋል።

ከተጋባዦቹ አንዱ ዜማውን ለይቶት ስለነበር፣ በማግስቱ ቀበሌ ተጠሩ። የወላጆች ኮሚቴን ወክለው የተገኙት የሐዋ አባት፣ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ጀላል አብዱልወሀብ ነበሩ። ካድሬው ለልጆች የተከለከለ መዝሙር አስተምረሻል ሲላቸው፣ አቶ ጀላል ቀድመው ተናገሩ።

«ወላሂ፣ ይሄ ዜማ እኔ ቤት የሚሰማ ነው። እናቷ እንኳ ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉረዋለች። መዝሙር ነው ያለ ሰው ቃሉን ይንገረን።»

ልጆቹ ከቀበሌው ግጥም በቀር ሌላ ቃል አልተማሩም። ዜማውን ለይቶ ያወቀው፣ በዚያው የነበረው ተጋባዥ ቃሉን ቢናገር፣ የት እንደተማረው መናገር ሊኖርበት ነው። ዝም አለ። መምህርት ባይነሽ በማስጠንቀቂያ ተለቀቁ።

ለእሳቸው ሲባል በሐሰት የተማለ መስሏቸው ተጨንቀው ወደ አቶ ጀላል ሱቅ ሄዱ። አቶ ጀላል ግን ሳቁ። «እትዬ ባይነሽ፣ ምን ሐሰት አለው? ከመስከረም ወዲህ ሐዋ ቤታችን ውስጥ ሌላ ዜማ አላስገባችም። አሁን እኔንም ጨርቅ ስለካ ይዞኝ ደንበኛ እየሳቀብኝ ነው» አሏቸው። መምህርቷ ልጅቱ ቤቷ ስታንጎራጉር እንደከረመች የሰሙት ያን ዕለት ነው።

እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ከአንደኛ ክፍል ሳይወጡ አስተምረው በጡረታ ተገለሉ። ባለፈው ዓመት በደረሰባቸው የደም ግፊት ሕመም በደሴና በኮምቦልቻ ሲታከሙ ቆይተው፣ በመጨረሻ አንደበታቸው ተያዘ። ራሷም የአንደኛ ክፍል መምህርት የሆነችው ሐዋ መጥታ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች፤ ከንፈሯንም ገጥማ ዜማውን ጀመረች። መምህርት ባይነሽ አብረዋት እስከ መጨረሻው አንጎራጎሩ።

የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ ፀጋዬ፣ ልጆቻቸው ቢያዝን፣ ተናኘና ምሕረት፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ።

መዘምራኑ አሁን ያን መዝሙር ያቀርባሉ። እሳቸው እንደሚያስተምሩት፣ መጀመሪያ ከንፈር ተገጥሞ ይዜማል፤ ሐዋንና አባቷን ጨምሮ ሁላችሁም አብራችሁ እንድታዜሙ ቤተሰቡ ይለምናል። ቃሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላሙ ይቀበል፤ የቀረነውንም ያጽናን።