ወይን በላን እንጂ አልጠጣንም

አልጠጣንም አልኩህ ጋሼ! በላን። ወይን እኮ ይበላል፤ ፍሬ ነው፣ ከሐረጉ ተቀጥፎ አፍ ውስጥ ይገባል፣ በቃ። ገና አንድ ቃል ሳትተነፍስ የምጮህብህ ወሬው ቀድሞኝ ጅማ መግባቱን ስለማውቅ ነው። የኮልፌን ሰው ታውቀዋለህ፣ እዚህ ሲያስነጥሱ እዚያ «ይማርህ» ይባላል። «የሐጂ አብደላ ልጅና ያንተ ሸምሱ ጉደር ወርደው፣ ወይን ጠጥተው፣ ከብስክሌት ወደቁ» ብለውህ ይሆናል። አንተም «ድሮስ ይሄ ልጅ!» ብለህ ጥርስህን ነክሰሃል። ንከስ፣ መብትህ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብበኝ፤ ጥርስ የሚነከስበት ቦታ ሌላ ጋ ነው።

ሰላም ሳልል ጠብ ጀመርኩ፣ ይቅር በለኝ። አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ ዩሱፍ። እንዴት ነህ፣ እንዴት ከረምክ? ያ ወባ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እየተመላለሰ ይጥልሃል? የቡናው ብናኝ ደረትህን አላስቸገረህም? ምግብስ፣ ዛሬም የሆቴል ወጥ ነው ወይስ የምታበስል ሰው አገኘህ? አለቃህስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ሌላው ደህና ነው። አባባ ሱቃቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትንሿ እህታችን አልፊያ አድጋለች፣ ምላሷም አብሯት አድጓል። እኔም አካሌ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሌላው ነገሬ ነው።

ብስክሌቷን ስትተውልኝ «ትምህርት ቤት ትመላለስባታለህ» ብለኸኝ ነበር። ትምህርት ቤቱን ተውኩት፣ ብስክሌቷ ቀረች። ከሰባተኛ ክፍል እንዴት እንደወጣሁ ሰምተሃል፤ መምህሩ ኩርኩም ሲያቀምሰኝ ጠመኔውን ከእጁ ነጥቄ... ተወው፣ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ዳገት መውጣትና ቁልቁለት መውረድ ሆነ። አንተ ልጅ ሳለህ እስከ ጉደር ነድተህ የወይኑን እርሻ እንዳየህ ስንቴ ነግረኸናል? «እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ኮረብታ» ትል አልነበር? እኔና ጀላል እሱን እየሰማን ነው ያደግነው። ጀላል ማለት እንግዲህ አብሮኝ ያደገ፣ ግን አብሮኝ ያላበደ ልጅ ነው። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ሚኒስትሪ ይፈተናል። መምህራኑ ከወረዳው አንደኛ ይወጣል ይሉታል። እኔ ነኝ «ከደብተርህ ቀና በል፣ ጉደርን እንይ» ብዬ የወሰድኩት።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሳን። እሱ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ብስክሌት ተከራየ። አምቦ አክስቱ ቤት አደርን፤ እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። እሁድ ጠዋት ከአምቦ ወዲያ ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን፣ ጋሼ፣ «ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ራሱ ይገፋሃል» ያልከኝ መንገድ የቱ ነው? ወይ አንተ በመኪና ነው የሄድከው፣ ወይ ዳገቱ ካንተ በኋላ ነው የበቀለው። ጠጠሩ ከጎማ ሥር እንደሚቆላ ሽምብራ ይፈናጠራል። ዳገት ላይ የኋላው ጎማ ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ መሪው ከእጅህ ሊያመልጥ ይታገልሃል። ጀላል ከኋላዬ «ሸምሱ፣ ቀስ በል!» ይለኛል፤ እኔ «የሐጂ ልጅ፣ ፍሬን ላይ ተኝተህ ነው የምትወርደው?» እለዋለሁ።

የመጨረሻውን ጉብታ ስንወጣ አየነው። እውነትህን ነው፣ ሹሩባ ነው። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር ተጎንጉኖ፣ በየመስመሩ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። አንዷ «ከየት መጣችሁ?» አለችን። «ከኮልፌ» ስንላት «በዚህ ብረት?» ብላ ሳቀችና በሻሽዋ ሙሉ ወይን ሰጠችን። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልጠጣም። እኔ እስኪያንገፈግፈኝ በላሁ። ጀላል አንድ ዘለላ ብቻ ቀመሰና የቀረውን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ በቀበቶው አጠበቀው። «እማዬ ወይን ቀምሳ አታውቅም» አለ።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደረሰ። ጀላል ወንዙ ዳር ወርዶ፣ ተጣጥቦ ውዱእ አድርጎ ለሶላቱ ቆመ። እኔ «ደክሞኛል» ብዬ ቀረሁ። እዚህ ጋ ስደርስ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ ጋሼ። የኔ የኋላ ፍሬን ላስቲክ ቁልቁለቱ ላይ አልቆ ብረት ለብረት ይጮህ ነበር። የጀላል አዲስ ነበር። እሱ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እኔ ቁልፍ አውጥቼ ቀየርኩት። አዲሱን ለኔ፣ ያለቀውን ለሱ። «የፊቱ አለው፣ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው» አልኩ ለራሴ። ጨርሶ ሲመጣ «አስጠበቅኩህ አይደል?» አለኝ። እንደሱ ነው ያለኝ።

ቀስ ብሎ የሚነዳ ነው ያልኩትን ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አልተውኩትም። ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆመን «ዛሬ ቀድመኸኝ ብትወርድ ስሜን እቀይራለሁ» አልኩት። እሱም ሰው ነው፣ ለቀቀው። ኩርባው ላይ የኋላ ፍሬኑን ያዘ፣ የለም። የፊቱን ብቻ ጨምቆ ሲይዝ ጎማው ጠጠሩ ላይ ሸርተት አለና በደረቱ ተነጠፈ። ስደርስ ሸሚዙ እስከ ወገቡ ጠቁሯል። ደም መስሎኝ ጮህኩ። የወይኑ ጭማቂ ነበር። ደሙ ከአገጩ ነው፣ ግራ እጁም ተሰብሯል።

ሹፌር መሸሻ፣ ያ የሰፈራችን ሰው፣ በኤንትሬ የጭነት መኪናው ጤፍ ጭኖ ሲመለስ አግኝቶን ከነብስክሌታችን ጆንያው ላይ ጫነን። ፀሐዩ ላይ ስንጠበስ ውለን ማዞሪያው ስንደርስ ሸሚዙ የመጠጥ ቤት ጨርቅ ይሸታል። ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር። መሸሻ፣ ክፋት የለበትም፣ ቀልድ ይወዳል፣ ከላይ ሆኖ «ሐጂ፣ ልጅዎን ከነወይኑ አመጣሁልዎ!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ሐጂ ቀርበው አሸተቱት።

«ጠጥተሃል?»

«ወላሂ አልጠጣሁም አባባ። የሚበላው ነው፣ ለእማዬ ይዤላት ነው። ሸምሱን ይጠይቁት።»

ጠየቁኝ። እውነቱን ብናገር ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ ምን ጣለው?» ነው። «እኔ አላየሁም» አልኩ። ሁለት ቃል ናት። ጀላል አየኝ፤ አልተቆጣም፣ ወዲያው ዓይኑን መለሰ፣ የኔን እፍረት የሚደብቅልኝ እሱ ይመስል።

ሐጂ ፈርደዋል። ወጌሻ እጁን አስሮታል፤ የፊታችን እሁድ አያቱ ጋ ስልጤ ይወስዱታል። «ትምህርት ያስተማረው ይሄን ከሆነ ይበቃዋል፣ እንሰት ይኮትኩት» ነው ያሉት። እናቱ እትዬ ዙቤዳ ልጄን ልጄን እያሉ ዓይናቸው አብጧል። የተሰበረው ግራ እጁ ነው ጋሼ፣ በቀኙ ይጽፋል፣ ሚኒስትሪውን መፈተን ይችላል።

አባባ እኔን ለወይኑ ገረፉኝ። ላልጠጣሁት ተገረፍኩ፣ ላደረግኩት ማንም አልነካኝም። ሰኞ ማዞሪያው ላይ አንዱ «ሰካራሙ ሸህ» እያለ በጀላል ሲያላግጥ አፍንጫውን አልኩት። ሰው «ለጓደኛው እንዴት ይቆረቆራል!» አለ። ቡጢዬ መሰከረለት እንጂ አፌ አልመሰከረለትም። ትናንት ልጠይቀው ሄድኩ። ስለ ሌላ ሌላው ስናወራ ቆየን። ልወጣ ስል ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ «ያንተ ፍሬን አሁን ጥሩ ይይዛል አይደል?» አለኝ። ያውቃል ጋሼ። ጆንያው ላይ ሁለቱ ብስክሌቶች አጠገቡ ነበሩ፣ ያኔ አይቶታል። አውቆ ነው ለአባቱ ያልተናገረው። 

በመጀመሪያው ወረቀት «ለሐጂ ንገርልኝ፣ አንተን ያከብሩሃል» ብዬ ጽፌ ነበር። እሱንም ቀደድኩት። የኔን ነገር እኔ ነኝ የምናገረው። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት ሲመለሱ ሱቃቸው እገባለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ለጠብ ፈጣን ነኝ፣ ለእውነት ሲሆን በር ላይ ደርሼ «ስኳር አለ?» ብዬ የምመለስ ነኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። መሸሻ ነገ ዓርብ ማለዳ በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ ይሄዳል፣ ይሄን ደብዳቤ ማታ በእጅህ ይሰጥሃል። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ከአለቃህ ቢሮ ወደ ሐጂ ሱቅ ደውል። የጅማ መስመር እንደሚጨናነቅ ታውቃለህ፣ ጥሪውን ጠዋት ስልክ ቤት አስመዝግብ። ሐጂ ሲያነሱ ሰላም በልና «ሸምሱ ነገረዎት?» ብለህ ብቻ ጠይቅ። ሌላ አትጨምር። እኔ እዚያው ቆሜ እሆናለሁ።

እማዬን በጣም ናፍቀሃታል፣ «ሹራብ ልበስ» ብላሃለች። አባባ ዱዓ ያደርጉልሃል፣ ይሄን ሁሉ ግን ገና አያውቁም፤ ከሐጂ ቀጥሎ እሳቸው ናቸው። አልፊያ የጅማ በርጩማ እንዳትረሳ ብላለች፣ ሁለቴ። አብሮህ ለሚኖረው ለአህመድ ሰላም በልልኝ። ጀላል ሰላም በልልኝ አላለኝም። እንዲለኝም አልጠየቅኩትም።

ያሳፈረህ ወንድምህ ሸምሱ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ሐሙስ ጥር 17 ቀን 1965 ዓ.ም.

የጀላልን የፍሬን ላስቲክ ከብስክሌቴ ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ፣ ሐጂ ጠረጴዛ ላይ ነው የማስቀምጠው። ግን ካልደወልክ ኪሴ ውስጥ ይዤው እመለሳለሁ፣ እሁድ ጠዋትም ጀላል ይሄዳል። ቅዳሜ ሳይመሽ ደውል ጋሼ። ሳይመሽ!