የመስቀሉ መብራት በመጪው እሁድ ለአንድ ሰዓት እንዲጠፋ

ለክቡር አቶ በኃይሉ
የሰፈራችን የማስዋብ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ ወይዘሮ ወርቅውሃ እንደምን ናቸው፣ ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? ለመስቀል መጥቶ የነበረው ልጅዎ ቴዲ አዲስ አበባ በሰላም ገባ? ቀሚሷን እኛ ዘንድ ያስጠበበችው ልጅዎ ሩቲስ ደህና ናት? ወላጅ እናትዎ እማማ ወለተ ሐና ዘንድሮም የበዓሉን ክትፎ በገዛ እጃቸው እንደከተፉ ሰምተናልና እጃቸው ይባረክ፤ የሁላችሁንም ጤና አላህ ያብዛላችሁ። የቤተሰብዎን ስም አንድ በአንድ መጥራቴ ደህና መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። ደህንነቱ የታወቀን ሰው ስም መጥራት ደስ ይላል፤ እኔ ለጊዜው እንዲህ የምጠራው ሰው ስለሌለኝ በእርስዎ ቤተሰብ ተጠቅሜአለሁ።

ስሜ ዑመይር ነው። በእትዬ ሰፍያ ልብስ ስፌት ቤት በሩ አጠገብ ባለው መኪና የምሰፋው እኔ ነኝ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ደብዳቤው ቢረዝም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አሳጥሮ መጻፍ የሚያስተምሩት ከዚያ በላይ ሳይሆን አይቀርም። አገሬ ከዓባይ ማዶ ነው። እናቴ መታመሟን ከሰማሁ በኋላ የአገራችን ስልክ ተቋረጠ፤ እንደተቋረጠም ክረምቱ አለፈ። ሆኖም በዚያ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ እሁድ አመሻሽ ላይ ዘመድ ለዘመዱ የላከውን መልእክት ያነብባል። ጣቢያው የሚሰማው ኤ ኤም በሚባለው በመካከለኛው ሞገድ ብቻ ስለሆነ፣ የእትዬ ሰፍያ ሟች ባለቤት ከጅዳ ያመጡትን፣ ክፍሎቹ እንደ ፎቅ የተደራረቡ፣ ሬዲዮኑም ራሱን የቻለ አንድ ፎቅ የሆነውን አሮጌ ቴፕ በእትዬ ፈቃድ እጠቀማለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን እንደ አቤቱታ ሳይሆን እንደ ምስጋና ይቀበሉልኝ።

አንደኛ፣ ኮሚቴው ያልነበረኝን ሙያ ስላስተማረኝ አመሰግናለሁ። ሬዲዮኑ ሲንጫጫ ጥፋቱን በእርጅናው አሳብቤ ነበር። ኋላ ኤሌክትሪክ እንደሚረብሸው ስሰማ ከስፌት መኪናው ሞተርና ከስልክ ቻርጀሩ አራቅሁት። አንቴናው ከጠፋ ቆይቷልና በእንጨት ክፈፍ ላይ የመዳብ ሽቦ ደጋግሜ ጠምጥሜ፣ ሁለቱን ጫፎች ከጀርባው ኤ ኤም ተብሎ ከተጻፈበት ቦታ አሰርሁ። ከዚያም እንደ ሰው መስሎኝ የክፈፉን ፊት ወደ አገሬ አዞርሁት፤ ዝም አለ። ተናድጄ ጎኑን ስሰጠው ተናገረ። ለካ ይህ ዓይነቱ አንቴና የሚሰማው በጎኑ ነው። ከሩቅ ያለ ጣቢያ ድምፁ የሚጠራው ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ባለፈው እሁድ ድምፁ ከመጥራቱ የተነሣ አንባቢዋ ወረቀት ስትገልጥ እንኳ ይሰማ ነበር። «ቡታጅራ ለሚገኘው ልጃችን ለዑመይር» አለች። ቀጥላም «እናትህ» አለች። በዚህ ጊዜ የኮሚቴው ዘበኛ ጋሽ ሸምሶ መብራቱን አበሩት።

ሁለተኛ፣ ስለ መብራቱ ውበት አመሰግናለሁ። ለመስቀል ወደ አገራቸው የሚገቡት እንግዶች እንዲያዩት ከአደባባዩ እስከ ደጃችን ተዘርግቶ ነበር። እንግዶቹ አይተውት ተመልሰዋል፤ ኅዳርም ገብቷል፤ እርሱ ግን ፀሐይ ብቻዋን እንዳትደክም በማሰብ ይመስለኛል ዛሬም ከመምሸቱ በፊት ይበራል። እርሱ ከበራ ክፈፉን ወደ የትም ባዞረው የሬዲዮኑ ጩኸት አይለቅም፤ ከብልጭታው ጋር ይሄዳል። አረንጓዴው ሲበራ ሬዲዮኑ እንደ ንብ ያጉረመርማል፤ ቀዩ ሲበራ ዘይት ውስጥ እንደገባ ነገር ይንጫጫል። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ የቱ ቀለም እንደበራ መናገር እችላለሁ። ወደ አገሬ ስመለስ ይህ ሙያ ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ሰኞ ዕለት ቢሮዎ መጥቼ በትዕግሥት ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። መብራቱ ለአንድ ሰዓት ይጥፋልኝ ብዬ ብለምን፣ «እኛ እኮ ደንብ አለን፤ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ብቻ ነው የሚጠፋው። ለቅሶ አለብህ?» አሉኝ። አላውቅም አልሁ። «እንግዲያ ስታውቅ ና፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ደንቡ መልካም ደንብ ነው፤ ጎረቤት ሐዘን ላይ እያለ ጌጥ ማብራት በዚህ አገር ነውር መሆኑን አይቻለሁ። በመንገድ ላይ እያሰብሁት ስሄድ ግን የተረዳሁት ይህን ነው፦ መብራቱ እንዲጠፋ እናቴ መሞቷን ማወቅ ይኖርብኛል፤ መሞቷን እንዳውቅ መብራቱ መጥፋት ይኖርበታል፤ በሕይወት ካለች ደግሞ ደንቡ አያውቃትም።

አብሮኝ የሚሰፋው ሙስተፋ፣ «ሞታለች በላቸውና ይጥፋልህ፤ ሬሳ አምጣ አይሉህ» ብሎ መክሮኝ ነበር። እትዬ ሰፍያ ሰምተው፣ «አንተ የማትረባ፣ ሰው በእናቱ ላይ በገዛ አፉ ያሟርታል?» ብለው ከመኪናው አስነሡት። እኔም አልዋሸሁም። ልዋሽ ብል እንኳ ቃሉ ከአፌ የሚወጣ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙም የሚሰማኝ ነገር የለም፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሰው ሲጠራኝ አቤት እላለሁ።

ጣቢያው እያንዳንዱን መልእክት በቀጣዩ እሁድ አንድ ጊዜ ይደግመዋል፤ ከዚያ በኋላ አያነብበውም። ስለዚህ በመጪው እሁድ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መብራቱ እንዲጠፋልኝ እለምናለሁ። ይህ ደብዳቤ በስፌት ቤታችን በር ላይ ተለጥፏል፤ አንዱን ቅጂ ሙስተፋ በእጅዎ ያደርስልዎታል። ይጠፋል ወይም አይጠፋም የሚለውን መልስ በእርሱው እጅ ይላኩልኝ። ደጅዎ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የሰፈራችንን ድምቀት በታላቅ አክብሮት የምመለከት፣ ከድምቀቱም የተነሣ ምንም የማልሰማ፣ ታዛዥዎ

ዑመይር
ከእትዬ ሰፍያ ልብስ ስፌት ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መብራቱ ሳይጠፋ ቢቀርና ሐዘን መኖሩ በኋላ በሌላ መንገድ ቢታወቅ፣ ኮሚቴው እንደ ወጉ ለቅሶ ሊደርሰኝ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ቤቱን ለማግኘት አትቸገሩም፤ መንገዱ እስከ ደጃፉ በርቷል።